«ግድ የለም» ያሉኝ ሐሙስ

ስለ ራስ ወዳድነት ለወጣቶች ትምህርት ላዘጋጅ ብዬ፣ ዓይናቸውን ሊታከሙ የሚሄዱ ሽማግሌ ብቻቸውን በባቡር እንዲሄዱ ያደረግኩ ሰው ነኝ። ይህን ከመጀመሪያው ያስቀመጥኩት፣ ካቆየሁት ማሳመር እንደምጀምር ስለማውቅ ነው። ማሳመር እችልበታለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ተምሬ፣ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሥነ ምግባር አስተምር ነበር። ሥነ ምግባር! እዚህ ካልጋሪ ደግሞ ኦግደን ሰፈር ያለ መጋዘን ውስጥ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ መኪና እነዳለሁ። ፎርክሊፍት ስለ ምንም ነገር አስተያየት አይጠይቅህም።

ነገሩ የተጀመረው ቤተ ክርስቲያን ነው። ፓስተራችን አንድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ክንዴን ያዝ አደረገና «እዚህ የተወለዱት ልጆቻችን ዩኒቨርሲቲ ገብተው፣ ሰው ሁሉ የሚኖረው ለራሱ ብቻ ነው የሚል ነገር እየሰሙ ይመጣሉ። እኔ ልመልስላቸው አልቻልኩም። አንተ የተማርክ ሰው ነህ፤ ቅዳሜ ከሰዓት አንድ ሰዓት ያህል አነጋግርልኝ» አለኝ። ከስንት ዓመት በኋላ አንድ ሰው «የተማርክ» ሲለኝ ደስታው ሊያፈነዳኝ ነበር። ለአፌ ያህል ግን «ኧረ ተው፣ እኔ ምን አውቃለሁ» አልኩት። እሱም እንደ ወጉ ደግሞ ለመነኝ። «ግድ የለም፣ ሌላ ሰው ፈልግ» አልኩ። ሦስተኛ ለመነኝ፤ እሺ አልኩ። ሁለታችንም ከመጀመሪያው እሺ እንደምል እናውቅ ነበር። በማግስቱ ሱፐርቫይዘሬን ለምኜ ሐሙስን ኦፍ ወሰድኩ፤ ቁጭ ብዬ ልዘጋጅበት።

ማክሰኞ ከሥራ ተመልሼ ጫማዬን ሳወልቅ ስልኬ ጠራ። ጋሼ ናቸው።

ጋሼ የምላቸው ሰባዎቹን ያጋመሱ፣ ካስልሪጅ ሰፈር ቤዝመንት ተከራይተው ብቻቸውን የሚኖሩ የቤተ ክርስቲያናችን አባት ናቸው። ዘመዴ አይደሉም። ድሮ መካኒክ ነበሩ፤ እኔን መኪና መንዳት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። በመጣሁበት ዓመት እሁድ እሁድ ከአምልኮ በኋላ ፓይንሪጅ ሰፈር ቤታችን አጠገብ ወዳለው ትምህርት ቤት ፓርኪንግ ሎት ይወስዱኝና፣ መኪናዋ በረዶው ላይ ስትንሸራተት «ፍሬኑን አትርገጥ! ልቀቀው! መሪውን ወደምትሄድበት አዙር!» እያሉ ይጮሁብኛል። ጣታቸው በብርድ ቀልቶ፣ አፍንጫቸው እየፈሰሰ፣ ከጎኔ ንቅንቅ አይሉም። በየሳምንቱ «ጋሼ፣ አሁንስ ይብቃዎት፣ ግድ የለም፣ ከዚህ በኋላ ብቻዬን እለማመዳለሁ» እላቸዋለሁ። አንድም ቀን አምነውኝ አያውቁም። በሚቀጥለው እሁድ ቁልፋቸውን እያንቃጨሉ ይጠብቁኛል። አሥራ አንድ እሁድ ሙሉ። አሁን የእሳቸው ዓይን ስለደከመ ላይሰንሳቸውን መልሰዋል፤ አንደኛው ዓይን ድሮ የጠፋ ነው፣ በቀረው ላይ ሞራ ወጥቶበታል።

«እንዴት ነህ ልጄ? ባለቤትህ ደህና ናት? ሥራ እንዴት ይዞሃል?» አሉኝ። ሁሉም ደህና መሆኑን ነገርኳቸው። ከዚያ «ሐሙስ ሥራ ትገባለህ እንዴ?» አሉ።

አማርኛ የሚያውቅ ሰው ይህ ስለ ሥራ የተጠየቀ ጥያቄ እንዳልሆነ ያውቃል። እኔም ወዲያው ገባኝ። የጠረጴዛው፣ የደብተሬ፣ የዚያ ጸጥ ያለ ሐሙስ ነገር ፊቴ ድቅን አለ።

«አዎ ጋሼ፣ ሺፍት አለብኝ። ምነው፣ በደህና?»

«አይ፣ የዓይኔን ሞራ ሊያነሱልኝ ቀጥረውኝ ነበር። ወደ ቤት የሚመልስህ ሰው ይዘህ ና ይላሉ። እነሱ መቼስ የማይሉት የለም። ግድ የለም፣ አትቸገር፣ በባቡር እሄዳለሁ።»

«ታዲያ ሺፍቱን ምናልባት…» ብዬ ጀመርኩ፤ ሆን ብዬ አልጨረስኩትም።

«ግድ የለም አልኩህ። ሥራህን አትተው።»

«እሺ ጋሼ። ጌታ ይርዳዎት። እጸልይልዎታለሁ።»

እጸልይልዎታለሁ! ይህን ስጽፍ እንኳ ጆሮዬ ይግላል።

እኛ ዘንድ የመጀመሪያው «ግድ የለም» ለወጉ ነው። ሁለተኛው የሚለምነው ሰው ከልቡ መሆኑን ማያ ነው። እውነተኛው ከዚያ በኋላ ነው የሚመጣው፣ ያውም ከመጣ። ይህን ማንም አላስተማረንም፤ ከእናት ጡት ጋር የጠባነው ነው። እኔ ራሴ ባለፈው እሁድ ፓስተሩን ሦስት ጊዜ አስለምኜዋለሁ። ሽማግሌውን ግን በሁለተኛው ላይ አመንኳቸውና ስልኩን ዘጋሁ።

ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። «ጋሼ ናቸው? ምን ፈልገው ነው?» አለች።

«ሐሙስ ሆስፒታል ቀጠሮ አላቸው። ልውሰድዎት ልል ስል ግድ የለም አሉኝ።»

ቢላዋውን አስቀመጠች። «ግድ የለም አሉህ? አንተም አመንካቸው?»

«ምን ላድርግ ታዲያ? እዚህ አገር ሰው ኖ ካለ ኖ ነው። ሰውን ማክበር ማለት ቃሉን መቀበል ነው።»

«እንዴ! መቼ ነው እንዲህ ካናዳዊ የሆንከው?» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። እሷ ሐሙስ ከጠዋት ጀምሮ ሥራ ናት፣ መኪናም አትነዳም። ተቆጥቼ «የማዘጋጀውም እኮ የጌታን ሥራ ነው!» አልኳት።

ሐሙስ ጠዋት እሷ ከሄደች በኋላ ጠረጴዛውን ጠራርጌ፣ ሻይ አፍልቼ፣ ደብተሬን ዘረጋሁ። መኪናዬ ደጅ በረዶ ለብሳ ቆማለች። ቤቱ ጭር ብሏል። እንዴት ደስ ይል ነበር! አሁን ሳስበው የሚያሳፍረኝ አንዱ ነገር ይኸው ደስታዬ ነው።

የመጀመሪያው ጣጣ ቃሉ ራሱ ነበር። ፈረንጆቹ ኢጎይዝም ሲሉ የአንድ አስተሳሰብ ስም እየጠሩ ነው። እኛ ግን ሰውን «ራስ ወዳድ» ካልነው ሰድበነዋል፤ ወይ ይጣላናል ወይ ያኮርፈናል። በስድብ እንዴት ፍልስፍና ይስተማራል? ብዙ ጽፌ ከሰረዝኩ በኋላ «ለራስ ማለት» ብዬ ሰየምኩት። ለስለስ ያለ፣ ማንንም የማያስቀይም ስም። ለእኔም ለዚያ ቀን የሚስማማ ስም ነበር።

ከዚያ አስተሳሰቦቹን አንድ በአንድ አነጻጸርኩ። አንደኛው ወገን የሚለው ሰው አውቆትም ሳያውቀውም የሚያደርገውን ሁሉ የሚያደርገው ለራሱ ነው። ለለማኝ የሰጠው ሰው የገዛ ሆዱ እንዳይባባ ነው የሰጠው፤ በሽተኛ የጠየቀውም ነገ ሲታመም እንዲጠየቅ ነው። ይህ ወገን ምክር አይሰጥም፤ ሰው እንዲህ ነው የተሠራው ብሎ ብቻ ያልፋል። ከእሱ ጋር መከራከር ልብ ያወልቃል፤ የፈለግከውን ደግነት ብታመጣለት «እሱም ለራሱ ብሎ ነው» ይልሃል። ደብተሬ ጠርዝ ላይ «ለሁሉም መልስ ያለው፣ ምንም አልመለሰም» ብዬ ጽፌ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ሁለተኛው ወገን ሰው እንዴት እንደሆነ ሳይሆን እንዴት መሆን እንዳለበት ነው የሚናገረው። ሰው ለራሱ ማለት አለበት፣ ግዴታውም ነው፤ ኑሮውን ለሌላው የሚያፈስ ሰው ኑሮውን አቃሏል ይላል። ይህን ሳስብ ደነገጥኩ ብዬ ብጽፍ ደስ ባለኝ። እውነቱን ልናገርና፣ ሻዬን ፉት እያልኩ «ይሄስ የሚናቅ አይደለም» ነው ያልኩት። ይህን ሁሉ ዓመት ለሰው ስሮጥ፣ ኤርፖርት ሰው ስቀበል፣ ሰው ዕቃ ሲያዛውር ሶፋ ስሸከም ኖሬ፣ አንድ ሐሙስ ለራሴ ብል ማን ይከሰኛል?

ሦስተኛው ብልሁ ነው። ለራስህ አስብ፣ ግን አርቀህ አስብ ይላል። ዛሬ የረዳኸው ነገ ይረዳሃል፣ ዛሬ የዋሸኸው ነገ አያምንህም፤ ስለዚህ ጥቅሙን በደንብ የሚያውቅ ሰው ደግ ሆኖ ይኖራል። ይህን ሰው ከውጭ ስታየው ከእውነተኛው ደግ አትለየውም። የሚለየው ማንም እንደማያየው እርግጠኛ በሆነበት ቀን ነው። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስጽፍ በራሴ ኮራሁ። መኪናዬን ግን አላየኋትም።

የራሴ ግኝት ደግሞ ስለ ይሉኝታ ነበር። እኛ ሐበሾች ሰው ስንረዳ ብዙ ጊዜ የሚያንቀሳቅሰን ይሉኝታ ነው፤ «ሰው ምን ይለኛል» ብሎ የሚረዳ ሰው ደግሞ የሚያየው የራሱን ስም እንጂ የተቸገረውን አይደለም። «ይሉኝታ ነጠላ የለበሰ ራስ ወዳድነት ነው» ብዬ ጻፍኩ። ነጠላ የለበሰ! ብቻዬን ሳቅኩ። ልጆቹም እንደሚስቁ ታየኝ። ትንሽ ይሉኝታ ቢኖረኝ ኖሮ በዚያች ሰዓት መኪና ውስጥ እንደምሆን፣ ነጠላውን የለበሰው እንኳ ጋሼን ሆስፒታል ያደርሳቸው እንደነበር አልታየኝም።

በመጨረሻ ለአንደኛው ወገን ማፍረሻ የሚሆን፣ ለራሱ ምንም ሳይፈልግ ደግ የሠራ ሰው ምሳሌ አስፈለገኝ። ብዙ አላሰብኩም። «ጋሼና አሥራ አንዱ እሁድ» ብዬ ጻፍኩ።

ቅዳሜ ቤተ ክርስቲያናችን ምድር ቤት አዳራሽ ውስጥ አሥራ አምስት ያህል ወጣቶች ተቀምጠዋል። ባለቤቴ ከኋላ ሻይ ትቀዳለች። ጋሼም መጥተው ከፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብለዋል፤ ወጣት ሲሰበሰብ ማየት ይወዳሉ። ዓይናቸው ላይ ፋሻም መሸፈኛም የለም። ቶሎ ያነሱታል ማለት ነው ብዬ ለራሴ ነገርኩት። ሰላም ብዬ ጉንጫቸውን ሳምኩ፤ «ዓይንዎ እንዴት ሆነ?» ብሎ ለመጠየቅ ግን አፌ አልታዘዘኝም።

ተናገርኩ። ጥሩ አድርጌ ነው የተናገርኩት፣ ይህን መካድ አልችልም። ድምፄ እንደ ድሮው ክፍል ውስጥ ሞላ። ነጠላ ለባሹ ላይ ስደርስ ሳቁ። ሁለቱን ወገኖች ካስረዳሁ በኋላ አንደኛውን ላፈርስ «እዚህ መካከላችን ያሉ አባት» ብዬ ወደ ጋሼ እጄን ዘረጋሁና የበረዶውን፣ የፍሬኑን፣ የአሥራ አንዱን እሁድ ነገር ተረክኩ። «እስቲ ንገሩኝ፣ እኚህ ሰው ለራሳቸው ያገኙት ምን አለ?»

አንዲት ልጅ እጇን አወጣች። ካልጋሪ ተወልዳ ያደገች፣ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ናት፤ አማርኛዋ እየተንገዳገደም ቢሆን ይሄዳል። «እሳቸውን ራሳቸውን ብንጠይቅስ?» አለችና ወደ ጋሼ ዞረች። «ጋሼ፣ ላይክ፣ ለምንድን ነው ያስተማርከው? ሶሪ፣ ያስተማሩት?»

ጋሼ ሳቁ። «ምን መሰለሽ ልጄ፣ ባለቤቴ ያረፈችበት ዓመት ነበር። እሁድ ከሰዓት ቤቱ አላስቀምጥ አለኝ። እሱ ያስተማርኩት ይመስለዋል፤ እኔ እሁዱን እየገፋሁ ነበር።»

«ሶ፣ ለራስዎ ነው!»

«አዎ፣ ለራሴ ነው። እሱም መንዳት ቻለ። ምን ክፋት አለው?»

ልጆቹ አጨበጨቡላቸው። በሦስቱም ወገኖች፣ በይሉኝታውም ሳይቀር፣ አንዱ ሲሰጥ አንዱ ይቀበላል፤ የእኔ ጥቅም እዚህ፣ የአንተ ጥቅም እዚያ። ለእሳቸው በመካከል ግድግዳ አልነበረም። አሥራ አንድ እሁድ አጠገባቸው ተቀምጬ ሐዘንተኛ መሆናቸውን እንኳ አላየሁም። ደግ ናቸው ብዬ አደነቅኳቸው እንጂ፣ ምን እንደጎደላቸው አንድ ቀን አልጠየቅኳቸውም።

ልጅቱ አልተቀመጠችም። «ዓይንዎስ? ሐሙስ አልነበረም? ማሚ ስትጸልይልዎት ሰምቻለሁ።»

«ተላለፈ» አሉ ጋሼ።

«ዋይ? ለምን?»

«ወደ ቤት የሚመልሰኝ ሰው አልያዝኩም ነበር። በባቡር እመለሳለሁ ብላቸው እምቢ አሉ። ሰኔ ተመለስ አሉኝ።»

«ሰኔ? ሩቅ ነው እኮ! ማንን ጠየቁ ግን?»

ባለቤቴ ማንቆርቆሪያውን ይዛ ከኋላ ቀጥ ብላ ታየኛለች። ጋሼ ወደ እኔ አልዞሩም፤ እንዳልዞሩ አሁንም ይታየኛል። «ማንንም አላስቸገርኩም» አሉ።

«እኔን ጠይቀውኝ ነበር፤ ዋሸኋቸው» ማለት ነበረብኝ። አራት ቃል ነው። የሥነ ምግባር መምህር ነኝ፣ ለዚህች ሰዓት የሚሆን ርዕስ ይዤ፣ ሰው ፊት ቆሜያለሁ። ምን ያልኩ ይመስላችኋል? «ጥሩ፣ ወደ ሦስተኛው ወገን እንለፍ» አልኩ። ስለ ብልሁም አስተማርኩ፤ ማንም እንደማያየው እርግጠኛ ስለሆነበት ቀንም ሳላስቀር።

ሲያበቃ ልጅቱ ጋሼን ያዘቻቸው። «ሰኔ ላይ እኔ እወስድዎታለሁ።»

«ግድ የለም ልጄ፣ ትምህርትሽ ላይ ሁኚ።»

ግንባሯን ቋጠረች። «ግድ የለም ምን ማለት ነው? ዬስ ነው ወይስ ኖ?»

ጋሼ እንዲህ ተጠይቀው አያውቁም መሰለኝ። ትንሽ አሰቡና እንደ ልጅ ፈገግ አሉ። «ዬስ ነው» አሏት። ስልኳን አውጥታ ቀኑን መዘገበች። ይህን ያህል ነበር። እዚህ ተወልዳ ያደገችው ልጅ ዝም ብላ ያላለፈችውን ቃል፣ አዲስ አበባ ያደግኩት እኔ አምኜ ተቀብዬ ነበር። እንዲያውም በእሷ አገር አሳብቤ!

ወደ ቤት ተመልሰን ደጃችን መኪናዋን ፓርክ ካደረግኩ በኋላ፣ ባለቤቴ ቀበቶዋን ሳትፈታ «ሂድና እውነቱን ንገራቸው» አለች።

ሰኞ ከሥራ ስወጣ ካስልሪጅ ሄድኩ። ጋሼ ትልልቅ ፊደል ያለው መጽሐፍ ቅዱሳቸውን መስኮቱ ሥር ዘርግተው፣ ማጉያ መነጽር ይዘው፣ አንዲት መስመር ላይ ተጎንብሰዋል። ቆሜ እያየሁ መስመሯን አልጨረሷትም። «ጋሼ» ብዬ ስጠራቸው ማንነቴን ያወቁት በድምፄ ነው። «ና ግባ፣ ምነው ቆምክ?» አሉ።

«ጋሼ፣ ሐሙስ ሥራ አልነበረኝም።»

«አውቃለሁ» አሉኝ።

«እንዴት አወቁ?»

«ባቡር ጣቢያ የሚያደርሰኝ አውቶቡስ በደጃችሁ አይደል የሚያልፈው? መኪናህ ቆማ አየኋት። የታርጋ ቁጥር አላይ እንጂ እሷን አላጣትም።» መጽሐፉን ዘጉት። «ታሞ ቀርቶ ይሆናል ብዬ ልደውልልህ ነበር። ኋላ ደግሞ ደህና ሆኖ ከሆነ ያፍራል ብዬ ተውኩት።»

እዚያው በር ላይ ቆሜ አለቀስኩ። ባቡር ላይ ተቀምጠው፣ ሊመልሷቸው ወደሚችሉበት ቦታ እየሄዱ፣ እኔ እንዳላፍር ይጠነቀቁ ነበር። ቅዳሜ ምሳሌ ሳደርጋቸውም ይህን ሁሉ ያውቃሉ። አውቀው ከፊት ወንበር ተቀምጠው ሰምተውኛል።

«ይቅር በሉኝ ጋሼ» አልኩ።

«ይቅር ብያለሁ። በል ተቀመጥ።»

«ሰኔ ላይ እኔ ልውሰድዎት።»

«ግድ የለም።»

ቃሉን ስሰማ ደስ አለኝ፤ መንገዱን አውቀዋለሁ፣ ይኼ የወጉ ነው አልኩ። «ጋሼ፣ በሞቴ!»

«ግድ የለም፣ ልጅቱ አለች።»

ይሄኛው ደግሞ ማያው ነው አልኩ። ጉልበታቸውን ይዤ ሦስተኛ ለመንኳቸው፤ ሥራዬን እንደምተው፣ ከጠዋት እስከ ማታ አብሬያቸው እንደምቀመጥ ነገርኳቸው። ጋሼ እጄን ከጉልበታቸው ላይ አንስተው በሁለት እጃቸው ያዙት። «ልጄ» አሉኝ፣ «ግድ የለም ስልህ፣ የእውነቴን ነው። አይሆንም ማለቴ ነው።» ቀስ ብለው፣ ቃሉን አንድ በአንድ እየለዩ ነበር የተናገሩት፤ አማርኛ ለማይችል ሰው እንደሚያስረዱት።

«እሺ ጋሼ» አልኩ።